ለውጥ በምን?

በወሎ፣ በግዳን ደጋ አንድ ገበሬ «ገብሴን ልለውጥ ነው» ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። ከቆቦ ቆላ ማሽላ ወደ ሙጃ ገበያ ይወጣል። የሰማው ሁሉ «በምን?» ይለዋል፤ ቀጥሎም «ስንት በስንት?»። ቁናው ሲሰፈር ሁለቱም ወገን ቆሞ ያያል፤ ያልጣመው እህሉን መልሶ ጭኖ ይሄዳል።

ይኸው ቃል መድረክ ላይ ሲወጣ ግን «በምን?» የሚል ሰው ይጠፋል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ «ለውጡ» እንላለን፤ «ከለውጡ በፊት»፣ «የለውጡ አመራር»። መጨረሻው ላይ የገባችው «ኡ» ሁላችን የተስማማንበት፣ ዋጋው ተቆርጦ ያለቀ ጉዳይ ታስመስለዋለች። ማን ለወጠ? ምኑን? በምን?

ዋጋው በግልጽ የተነገረበት ጊዜም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቀደ፤ በምትኩ መሬትን መሸጥ፣ ማከራየትና በዋስትና ማስያዝ ከለከለ። ወደድነውም ጠላነው የተሰጠውና የተወሰደው በጽሑፍ ሰፍሮ ይነበባል። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ በ1977ቱ ረሃብ ሰፈራ መጣ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ገደማ ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ሌሎች የምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ተጋዘ። ቀዬን በቀዬ መለወጥ ነበር፤ ብዙው ግን ፈቃዱ ሳይጠየቅ ነው የተጫነው። እህሉን መልሶ እንደሚጭነው ገበሬ «ይቅርብኝ» ማለት አልቻለም።

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ የ2003ቱ ለውጥ ነው። «የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ» ሲመጣ «ትራንስፎርሜሽን» የሚለው ቃል ከነእንግሊዝኛነቱ ወደ ቀበሌ ስብሰባ ወረደ። በኢኮኖሚ ቋንቋ ግን ትርጉሙ ቀላል ነበር፤ አገሪቱ ከእርሻ ወደ ኢንዱስትሪ ትሻገር ማለት ነው። ለደጋው ገበሬ ሲመነዘር ደግሞ፣ ከልጆችህ አንዱ ወይም ሁለቱ እርሻውን ትተው ከተማ ይገባሉ ማለት ነው። ዓለም የተሻገረው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ሐሳቡን አልቃወምም። የተበጣጠሰችው የደጋ ማሳም ለልጅ ሁሉ አትበቃም፤ ይህን ከገበሬው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ታዲያ በሚያውቀው ቋንቋ ቢነገረው ኖሮ አባት ተነስቶ ይጠይቅ ነበር፦ ልጄ ፋብሪካ ሲገባ ደመወዙ ስንት ነው? ቤት ኪራይ ከፍሎ ይተርፈዋል? ሥራው ቢታጠፍ ተመልሶ የሚያርሳት መሬት ትጠብቀዋለች? ለእኔና ለእናቱ በስተርጅና ማን ያርስልናል? እነዚህን ጥያቄዎች ያልመለሰ ዕቅድ ስለ ትራንስፎርሜሽን ለገበሬው ነገርኩት ማለት አይችልም።