የመጀመሪያው ሳምንት ሱቅ

ልጅ ያላችሁ አንባቢያን «ማሚ፣ ይሄኛው እኮ ነፃ ነው!» የምትለዋን ማባበያ ሳትሰሟት አትቀሩም። ነፃ የሚለው ቃል ለወላጅ ጆሮ ደስ የሚል አይደለም። ስልክ ላይ በነፃ ተጭነው ሦስት ቀን ካጫወቱ በኋላ «አልማዝ ግዛ፣ ካልገዛህ እስከ ነገ ጠብቅ» እያሉ ልጅ የሚያስለቅሱ ጨዋታዎች ስንቱን ቤት እንደበጠበጡ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ አምና ነፃ የሱቅ ጨዋታ አገኘሁ ብላ ስትመጣ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። ከእኔ ይልቅ ግን ብዙውን ያየችው እናቴ ናት።

ነፃ የተባለው ዴሞ ነው፤ ቅምሻ ብንለው ይስማማዋል። ማር ሻጭ በእንጨት ጫፍ ነክራ እንደምታስቀምስ ሁሉ፣ የጨዋታ ሠሪዎችም ከሙሉው ሥራቸው መግቢያውን ቆርጠው ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ነገሩ የዛሬ አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. ዱም የተባለው የተኩስ ጨዋታ ዓለምን ያዳረሰው የመጀመሪያው ክፍል በነፃ ተለቆ፣ ሰው በዲስኬት እየገለበጠ ሲቀባበለው ነው። ዛሬ ደግሞ ስቲም የሚባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጨዋታ መደብር በዓመት ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሳምንት የሚቆይ የቅምሻ ፌስቲቫል ያዘጋጃል።

ከስልኮቹ «ነፃ» ጨዋታ የሚለየው ትልቁ ነገር ማለቁ ነው። ሲያልቅ ሙሉው እንደሚሸጥ ይነግራችኋል። ከፈለጋችሁ ትገዛላችሁ፤ ካልፈለጋችሁ ዘግታችሁ ትነሣላችሁ። እኛ በሞከርነው ውስጥ በየመሀሉ የሚሸጥ አልማዝም ሳንቲምም አልነበረም። ለልጅ ስክሪን ሰዓት ለሚቆጥር ወላጅ፣ በራሱ የሚያልቅ ነገር ማግኘት ቀላል ዕድል አይደለም።

ልጄ የመረጠችው ኮዚ ከሚባለው ወገን ነው። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ትኩስ ሻይ የመጠጣት ዓይነት ምቾት ማለታቸው ነው። ገዳይ የለ፣ ተኳሽ የለ፣ ሰዓት ቆጥሮ «ተሸነፍክ» የሚል የለ። እርሻ ታርሳላችሁ፣ ሱቅ ትከፍታላችሁ፣ እንግዳ ማረፊያ ታስተዳድራላችሁ። ዘሩ ሲቆጠር በ1996 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ከወጣው ሃርቨስት ሙን ይደርሳል። ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ሙዚቃውንም ሥዕሉንም ኮዱንም ብቻውን ሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስታርዲው ቫሊ የተባለ የእርሻ ጨዋታ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ጎመንና ድንች የሚተከልበት ጨዋታ ይህን ያህል ሲሸጥ፣ ሰው ምን ያህል ዕረፍት እንደናፈቀው መገመት ይቻላል።

እኛ ቤት የገባው ታይኒ ቡክሾፕ ይባላል፤ ትንሿ የመጻሕፍት ሱቅ ማለት ነው። የሠሩት ኮሎኝ፣ ጀርመን ያሉ ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ፣ ሙሉው ጨዋታ የወጣው ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነው። ልጄ ዴሞውን ያገኘችው ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር። ታሪኩ አጭር ነው። ሁሉን ትታችሁ ወደ አንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ ትሄዱና በመኪና የሚጎተት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ያገለገሉ መጻሕፍት ትሸጣላችሁ። መደርደሪያውን ትሞላላችሁ፤ የወንጀል ታሪክ፣ የልጆች፣ የጉዞ፣ የድሮ ድርሰቶች፣ ከየዓይነቱ። የት እንደምትቆሙ ትመርጣላችሁ። አብዛኛው ደንበኛ ራሱ መርጦ ይገዛል። አንዳንዱ ግን «እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ከመደርደሪያው የሚስማማውን አንሥታችሁ ታቀርባላችሁ። ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ በእውነት የታተሙ ናቸው። በመጨረሻ የቀኑ ሽያጭ ይታያል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ተግባራዊውን ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። ከማውረዳችሁ በፊት መጠኑን እዩ፤ በሞባይል ዳታ የሚኖር ቤት ዋይፋይ ያለው ዘመድ ቢፈልግ ይሻለዋል። እኛ ላፕቶፑን ወንድሜ ቤት ወስደን ነው ያወረድነው። ዴሞ አሮጌ ኮምፒውተራችሁ ሙሉውን ጨዋታ መሸከም መቻል አለመቻሉን ሳትከፍሉ ይነግራችኋል፤ ለእኔ ይህ ብቻውን ይበቃዋል። አማርኛ አትጠብቁ። ስታርዲው ቫሊን የመሰሉት ደግሞ የሚመዘግቡት የጨዋታው ቀን ሲያልቅ ስለሆነ፣ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ልፋት አብሮ ይጠፋል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ያለን ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። በዴሞው የደረሳችሁበት ወደ ሙሉው ጨዋታ ይዛወር እንደሆነም ከሽያጭ ገጹ አረጋግጡ፤ አንዱ ያዛውራል፣ ሌላው ከዜሮ ያስጀምራል። ስቲም ላይ ከተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወቱት ገንዘብ ይመለሳል። ዴሞ ለሌለው ጨዋታ ይህችም እንደ ቅምሻ ታገለግላለች።

አሁን ወደ እናቴ። እናቴ ሠፈራችን ውስጥ 26 ዓመት ሱቅ ነበራት። ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ክብሪት፣ ደብተር፤ ከመንገድ ዳር በአንድ መስኮት የምትሸጥ ሱቅ። ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቷ እምቢ ሲላት፣ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ሱቁን ለጎረቤት ልጅ ለመልቀቅ ወሰነች። ከዚያ ወዲህ እኛ ጋር ናት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚከፍት ሱቅ ያላት ይመስል ትነሣለች፤ ለብሳ፣ ሻሿን አስራ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ቴሌቪዥን ብንከፍትላት ታያለች፣ ብንዘጋው አትጠይቅም። ወሬዋ እየቀነሰ ሄዶ «እግዜር ይመስገን» እና «ይብቃኝ» ብቻ ቀርቶ ነበር።

ልጄ ጨዋታውን ከፍታ መደርደሪያዋን በአበባ ስታስጌጥ፣ ከኋላችን ድምፅ መጣ።

«ያቺ ሴትዮ እኮ ቆማ እየጠበቀች ነው። አታናግሪያትም?»

ዞር ስንል እናቴ ወንበሯን ጎትታ ቀርባለች። ልጄ የደንበኛዋን ጥያቄ ከእንግሊዝኛው እየተረጎመች አነበበችላት፤ አጠር ያለ፣ የማያሳዝን መጽሐፍ ነበር የተፈለገው። እናቴ ምን ይዘሻል አለች። የእያንዳንዱን መጽሐፍ ጭብጥ አስነበበቻት። በሦስተኛው ላይ «ይሄ ይሁን» አለች። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ወሰደች። እናቴ ደንበኛ እንደገና ሲመጣ ታስታውሰዋለች፤ «ይሄ ሰውዬ ቅድም ያቺ ልብስ ለብሶ አልመጣም ነበር?» ትላለች። እኔ ግን ሥዕሉ ሁሉ አንድ ነው የሚመስለኝ።

«በዱቤ የሚወስድ የለም?» አለች ቆየት ብላ።

«የለም እማማ፣ ሁሉም ይከፍላል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንዴት ያለ አገር ነው!» ብላ ሳቀች። ጥርሷ እስኪታይ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ስለ ኮዚ ጨዋታ ዴሞ ምን እንደሚጠበቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረችኝ በዚያው ምሽት ነው። «የመጀመሪያ ሳምንት ሱቅ ሁሌም ይስቃል» አለች። የእሷ ሱቅ የተከፈተ ሰሞን ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» እያለ እየመጣ፣ ቤቱ ሞልቶ የተረፈውን ጨው እንኳ ገዝቶላት ነበር። መደርደሪያው ሙሉ ነው፣ ቀለሙ አዲስ ነው፣ ሚዛኑ ያብረቀርቃል። በሁለተኛው ወር ስኳር ከአከፋፋዩ ይጠፋል፣ አይጥ ሳሙናውን ትበላለች፣ የዱቤው ደብተር ከካሽ ሳጥኑ በፊት ይሞላል። «ሱቅ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው።»

ዴሞ የሚቆረጠው ከመጀመሪያው ሳምንት ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ መግቢያ ስለሆነ ነው። በመግቢያ ላይ ደግሞ በየጥቂት ደቂቃው አዲስ ነገር ይሰጣል፤ አዲስ ሰው፣ አዲስ ቦታ፣ አዲስ ጌጥ። እጃችሁ ሳይደክም ሌላ ይጨመራል። ሙሉው ጨዋታ ግን ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ አዲስ ነገር አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም። በሃያኛው ሰዓት ላይ ሱቁ ይስቅ እንደሆነ ቅምሻው ሊነግራችሁ አይችልም። ጥሩ ዴሞ አይቶ ሙሉውን ገዝቶ የተሰላቸ ሰው የተታለለ ቢመስለው አይደንቅም፤ የቀመሰው ግን እውነተኛ ማር ነበር።

በእኔ ግምት ቅምሻው በታማኝነት የሚናገረው አንድ ነገር አለ። አዲስ ነገር በማይሰጥባቸው ደቂቃዎች የምትደጋግሙት ሥራ ራሱ ይጥማችኋል ወይ? መጽሐፍ መደርደሩ፣ ጥያቄ ማንበቡ፣ መምረጡ። ልጆቻችሁን ስትከታተሉ ይህን እዩ። ልጁ የሚያወራው ቀጥሎ ስለሚከፈተው ነገር ብቻ ከሆነ፣ ሙሉው ተገዝቶ በሁለተኛው ሳምንት ይረሳል። የዛሬውን ደንበኛ እራት ላይ ካወራ ግን ሌላ ነው። እኛ ቤት እራት ላይ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሰዎች ስም ይነሣ ጀመር።

ባለቤቴ «ንግድ ያስተምራታል» ብሎ ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ኪራይ አያስጨንቅም፣ ግብር ሰብሳቢ አይመጣም፣ ባየነው ክፍል ውስጥ መክሰር የሚባል ነገር አልገጠመንም። ንግድ እንዲህ ከሆነ መርካቶ ሁሉ ተኝቶ ባደረ። እናቴ ግን መሀል ላይ ገብታ «ዋናው የጠየቀሽን መስማት ነው፤ የቀረው ሒሳብ ነው» አለች፤ ልጄም እኔም ዝም አልን።

እኛ በዝግታ ስለምንጫወት፣ ትርጉምም ስላለበት፣ ዴሞው ሁለት ምሽት ቆየልን። ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ የምስጋና ጽሑፍ መጣ፤ ጨዋታውን በምኞት ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡልን የሚል ጥያቄም አብሮት ነበር።

«ነገስ?» አለች እናቴ።

«ነገ የለም እማማ። አልቋል።»

«ዕቃው መደርደሪያ ላይ እያለ?»

ልጄ መልስ አልነበራትም። እናቴ የራሷን ሱቅ የመጨረሻ ቀን አላየችውም፤ ከሆስፒታል ስትወጣ ዕቃው ተቆጥሮ፣ ርክክቡ አልቆ፣ ሌላ ሰው መስኮቱን ከፍቶት ነበር። ስለዚያ ቀን እስከዚያ ምሽት አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም። ያን ማታ ግን ጠየቀችኝ፤ ስንት ካርቶን ሳሙና ቀርቶ ነበር፣ ሚዛኑን ማን ወሰደው፣ ለጠዋት ዳቦ አመላላሹ ልጅ ተነግሮት ነበር ወይ። የማስታውሰውን ነገርኳት። ያላስታወስኩትን በማግስቱ ለጎረቤቱ ልጅ ደውላ ጠየቀችው፤ ረጅም ሰዓት አወሩ።

ሙሉውን የመግዛቱ ጉዳይ እንደ ብዙዎቻችሁ እኛንም ያከራክረናል። ዋጋው ወደ 20 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶውን አለፈ። በዛሬው ሒሳብ የአንድ ጨዋታ ዋጋ የወር አትክልታችንን ይሸፍናል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ውጭ ያለ ዘመድ ማስቸገርም አለበት። የባለቤቴ እህት ከሜሪላንድ «እኔ እልክላታለሁ» ብላለች። ስቲም ላይ ቅናሽ የሚደረግባቸው ወቅቶች ስላሉ እስከዚያ እንጠብቅ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ፍላጎቱ እስከዚያ ቢቆይ በደስታ፣ ባይቆይም ገንዘቡ ተረፈ።

በመጠበቁ መሀል ዴሞውን ከመጀመሪያው ሦስት ጊዜ ደግመውታል። በሦስተኛው እናቴ አዘዘች፤ መደርደሪያው በልጆች መጽሐፍ እንዲሞላ። «ልጅ ይዞ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም» ትላለች። የዱቤ ደብተሯንም ከሣጥን አውጥታ ለልጄ ስም በስም አንብባላታለች፤ ማን የማን አባት እንደነበረ፣ ማን ከፍሎ ማን እንደሄደ። ያልተከፈለው ተደምሮ 4,310 ብር ሆነ። ልጄ «እንጠይቃቸው?» ስትላት «ግማሾቹን ከየት ታገኛቸዋለሽ?» ብላ ደብተሩን መልሳ አስቀመጠችው።

አሁን የቀረው የእናቴ ጥያቄ ነው። ሙሉው ሲገዛ ዱቤ ይኖረው እንደሆነ ሠሪዎቹን ጠይቂያቸው ብላ ልጄን አዛታለች። ልጄም ዱቤን በእንግሊዝኛ እንዴት አድርጋ እንደምታስረዳቸው ሁለት ቀን ሙሉ እየጻፈች ትሰርዛለች።