ኮምፒውተሩም 2002 ነው ይል ነበር

የመጀመሪያ ሥራዬ ፒያሳ፣ በአንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ነበር። ማመልከቻ እንተይባለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ መታወቂያ ላሚኔት እናደርጋለን። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ያለን አንድ ፔንቲየም 4 ነው፤ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ የጎን ክዳኑንም ማን እንደወሰደው አይታወቅም።

ጊዜው ሰኔ 2002 ዓ.ም. ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ስለ ደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ያወራል። ከኮሌጅ ገና የወጣው የእትዬ የወንድም ልጅ፣ የወረቀትና የቀለም ክምችት የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠርቶ በሲዲ አመጣላቸው። ስንከፍተው፣ ዶት ኔት ፍሬምወርክ 4.0.30319 ካልተጫነ አልሠራም አለን።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም የማሽኑን ቋንቋ በቀጥታ አይናገርም። በመካከለኛ ቋንቋ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ሲነሳ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልስለት አስተርጓሚ ይፈልጋል። ዶት ኔት ያ አስተርጓሚ ነው። የእኛው ዊንዶውስ ኤክስፒ የነበረው 2.0 ብቻ ነበር። ደግነቱ ሰርቪስ ፓክ 3 ተጭኖበታል፤ ያለዚያ አዲሱ አይገባም። (ይህ 4.0 ለኤክስፒ የመጨረሻው እንደሚሆን ያኔ ማን አወቀ! በፈረንጆቹ 2012 የመጣው 4.5 ኤክስፒን ጭራሽ አላውቅህም አለው።)

ፋይሉ 48 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ኢንተርኔት ካፌ ቁጭ ብዬ፣ በደቂቃ እየከፈልኩ፣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በፍላሽ አምጥቼ ስጭነው ትንሽ ሄዶ ቆመ። ፍላሹ ቫይረስ ይዞ ይሆናል ብዬ አጸዳሁት፤ ቆመ። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እንደገና አወረድኩ፤ አሁንም ቆመ። «አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር ደሞዝህን በላው እኮ!» ይሉኛል እትዬ።

የሚያናድደው፣ ማሽኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ እውነቱን ይነግረኝ ነበር። የፋይሉ የምስክር ወረቀት በኮምፒውተሩ ሰዓት ሲታይ ከሚጸናበት ጊዜ ውጭ ነው ይላል መልእክቱ። እኔም ታዝዤ ማውዙን ጥግ ላይ ካለው ሰዓት ላይ አሳረፍኩና ቀኑን አየሁ። 2002 ይላል። ትክክል ነው! ቀኑን ሙሉ በየማመልከቻው ራስጌ ላይ ስተይበው የምውለው ዓመት አይደል? ሰዓቱ ቢዛባም አልገረመኝም፤ የፈረንጅ ሰዓት መቼም ከእኛ ጋር ስድስት ሰዓት እንደተጣላ ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ደንበኛ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ቀኑን «ጁን 2010» ብዬ ስተይብ እጄ ቆመ። ማውዙን እንደገና ወደ ጥጉ ወሰድኩት፤ ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 1፣ 2002። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል ለካ! መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያ የምስክር ወረቀት ደግሞ ያኔ ገና አልተወለደም። ቀኑን አስተካክዬ ብጭነው፣ ያለ አንዳች ማጉረምረም ገባ። ስቄ ስቄ ደንበኛው ደብዳቤው ላይ ስህተት ያገኘሁ መሰለው።

ለእትዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ታዲያ 2002 ካለ ምን አጠፋ?» አሉኝ። ምን ልመልስ?

ባትሪው ጠፍጣፋ ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ በዚሁ የተነሳ 2032 ይባላል። ከሰዓት ሠሪ ገዝቼ ስመለስ እትዬ ተቀበሉኝና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጀርባውን አነበቡ።

«እስከ 2032 ያገለግላል?» አሉ። ቀጥለውም፣ «በእኛ ነው በፈረንጆቹ?»