መንገዱ በሌላው ቀን ምንድን ነው?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ማታ ማታ የመኪና ውድድር ትራክ ካርታ ላይ ይሥላሉ አሉ። እውነት ነው? መኪና እንኳን የለዎትም እኮ!»

አዎ፣ እውነት ነው። መኪናም የለኝም። 😄 ግን ነገሩ የመኪና ፍቅር ብቻ አይደለም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ኦፕንስትሪትማፕን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረ፣ ማንም ገብቶ የሚያርመው፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት የዓለም ካርታ ነው። ነጥብ ታስቀምጣላችሁ፣ ነጥቦቹን በመስመር ታገናኛላችሁ፣ ከዚያ መስመሩ ምን እንደሆነ መለያ ትሰጡታላችሁ። ለመኪና መወዳደሪያ የተመደበው መለያ «ሬስዌይ» ይባላል።

መሣሉ ራሱ ጥሩ ልምምድ ነው። ኩርባውን በሦስት ነጥብ ልጨርሰው ካላችሁ ማዕዘን ይወጣዋል፣ ርዝመቱም ያጥራል። የሞናኮ አንድ ዙር 3.337 ኪሎ ሜትር መሆኑ ይታወቃል፤ የእናንተ 3.2 ከመጣ የሆነ ቦታ ነጥብ ቆጥባችኋል ማለት ነው። ዋሻው ደግሞ ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ላይ አይታይም፤ መግቢያና መውጫውን አይታችሁ ማገናኘት አለባችሁ። የውድድሩ አዘጋጅ ያሳተመውን ካርታ መገልበጥ አይቻልም፣ የሰው ንብረት ነው። የተፈቀደ የአየር ፎቶ ወይም ራሳችሁ በጂፒኤስ የያዛችሁት መረጃ ያስፈልጋል።

ከባዱ ግን መሣሉ አይደለም፤ ስም መስጠቱ ነው።

ሞናኮን እንውሰድ። ከ1929 ጀምሮ የሚካሄደው ውድድር በከተማው ጎዳና ላይ ነው። መኪኖቹ ተሰልፈው የሚነሡበት ቡለቫር አልቤር ፕሪሚዬ በሌላው ጊዜ አውቶቡስ የሚሄድበት፣ ሰው ወደ ሥራው የሚያልፍበት መንገድ ነው። አንድ የፎርሙላ ዋን አፍቃሪ በደስታ ገብቶ መለያውን ወደ «ሬስዌይ» ቢቀይረው ምን ይሆናል? አቅጣጫ የሚመሩ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ መወዳደሪያን እንደ መንገድ አይቆጥሩትም። ስለዚህ ያ ሰፈር በስልክ ላይ መንገድ ያጣል። ታክሲውም ዞሮ ይሄዳል፣ አምቡላንሱም ዞሮ ይሄዳል። ለጥቂት ቀን ውድድር ተብሎ ዓመቱን ሙሉ! ትክክለኛው አሠራር መንገዱን መንገድ ብሎ መተው ነው። ከዚያ «ሪሌሽን» በሚባለው ማሰባሰቢያ ቁርጥራጮቹን በአንድ ስም ማሰር፦ እነዚህ ሲገጣጠሙ የሞናኮ ሰርኪዩት ይሆናሉ ብሎ።

ለማን ደግሞ ሁለቱንም ይዟል። የ24 ሰዓቱ ውድድር የሚካሄድበት 13.626 ኪሎ ሜትር ዙር ከፊሉ ለውድድር ብቻ የተሠራ ነው፣ ከፊሉ ተራ የሕዝብ መንገድ። ረጅሙና ዝነኛው ቀጥታ መስመር በሌላው ቀን የጭነት መኪና ይሄድበታል። ስለዚህ አንድ ዙር ስትሥሉ መለያው መሀል ላይ መቀየር አለበት፤ የት ላይ እንደሚቀየር በትክክል ማወቅ ደግሞ የእናንተ ሥራ ነው።

የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ በተቃራኒው ነው። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የሰሜኑ ዙር በተወሰኑ ቀናት ከፍሎ ለሚገባ ለማንም ክፍት ነው፣ ያኔ የትራፊክ ሕግም ይሠራበታል። ቢሆንም ዞሮ ዞሮ ወደ ተነሣበት የሚመለስ መስመር ነው፣ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ አያደርስም። እሱ «ሬስዌይ» ቢባል ማንም አይጎዳም።

የሞንዛው የኮንክሪት ግድግዳ መሰል ኩርባም አለ። ፎርሙላ ዋን ለመጨረሻ ጊዜ የሮጠበት በ1961 ነው፣ ኮንክሪቱ ግን እስከዛሬ ቆሟል። ስለዚህ ካርታው ላይ ይኖራል፣ «አገልግሎት ያቆመ» ተብሎ። በ1907 የተከፈተው የእንግሊዙ ብሩክላንድስ ደግሞ የተረፉት ክፍሎቹ ይሣላሉ፤ ፈርሰው ሕንጻ የተሠራባቸው ግን አይሣሉም፣ የቱንም ያህል ታሪክ ቢኖራቸው። መሬት ላይ የሌለ ነገር ካርታው ላይ አይኖርም።

አያችሁ፣ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ ይሄ ነገር በሌላው ቀን ምንድን ነው?

የኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ሲደርስ መስቀል አደባባይ አካባቢ መንገድ ይዘጋል። ከሰዓት ሚኒባሱ ተመልሶ ይጮሃል፤ «የሩጫ ሜዳ ነው» የሚል የለም። ይህ ለሁላችንም ግልጽ ነው። ግልጽ የማይሆንልን ሌላው ነው፦ በበጋ ብቻ የሚያስኬደው መንገድ። ፎቶው የሚነሣው ሰማዩ ሲጠራ ነው፣ ማለትም በበጋ። ቢሮ ቁጭ ብሎ ለሚሥል ሰው ያማረ መስመር ነው፤ ስቦ «መንገድ» ብሎ ያልፋል። ሐምሌ ላይ ግን እዚያ ቦታ ያለው ወንዝ ነው። ምጥ የያዛት ሴት የጫነ አምቡላንስ ያንን መስመር አምኖ ሊሄድ ይችላል።

ዛሬ ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤቱ ካርታ የምትሠሩ ሰዎች ናችሁ፣ እኮራባችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። መለያ ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶው የተነሣበትን ወር እዩ፣ ካልገባችሁ እዚያ ወረዳ ለሚያውቀው ሰው ደውሉ። «በክረምት አያስኬድም» የሚል ምልክት መጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በሰፈራችሁ እንዲህ ዓይነት መንገድ ካለ እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የዛሬ ማታ ትራኩ ይቆየኝና እሱን አብረን እናስተካክላለን።