ፎቶ ምን በልቶ ያድጋል?

በእኛ አፍ ልጅም ፎቶም «አደገ» ይባላል። ደሴ ፒያሳ ካሉት ፎቶ ቤቶች አንዱ ዘንድ ጎራ ብሎ፣ በመሐረብ የተጠቀለለች ጉርድ ፎቶግራፍ አውጥቶ «እስቲ ይቺን አሳድጉልኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ልጅ እህል በልቶ ያድጋል፤ ይህ የታወቀ ነው። ፎቶስ ምን በልቶ ነው የሚያድገው? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ግን ቀልድ አይደለም። ኮምፒዩተር በየዶርሙ በገባበት በዛሬው ጊዜ መልሱን ሳያውቁ ፎቶ ማሳደግ፣ የአንድን ሰው ፊት ተረክቦ የሌላ ሰው ፊት እንደ መመለስ ሊሆን ይችላል።

ዱሮ ነገሩ ቀላል ነበር። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቀይ አምፑል፣ ብርሃን በኔጋቲቩ አልፎ ወረቀቱ ላይ ይወድቃል። ማጉያው ወደ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር ምስሉ ይሰፋል። የሚሰፋው ግን ያለው ብቻ ነው። ከመጠን በላይ ሲለጠጥ የብር ቅንጣቶቹ እንደ ተበተነ ጤፍ ይታያሉ እንጂ፣ ማጉያው ከራሱ አንዲት ሽፋሽፍት አይጨምርም። ባለሙያው በእርሳስና በቀለም ነካ ነካ ያደርግ እንደነበር አይካድም። እሱ ግን ሰው ነው፤ «ይኼን ከየት አመጣኸው?» ቢሉት መልስ ይሰጣል።

ዛሬ ይኼን ለምን እናነሳለን? ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ ስንቱ ቤቱን ዘግቶ ወጣ። ሲመለስ ቤቱን እንጂ አልበሙን ያላገኘ አለ። የቀረው ምንድን ነው? በስልክ የተላከች አንዲት ፎቶ፣ የመታወቂያ ጉርድ፣ ወይም የምረቃ ቀን ከሠላሳ ሰው ጋር ተደርድረው የተነሡት። ያን ጊዜ «አሳድጉልኝ» የሚለው ቃል ክብደቱ ሌላ ነው።

እኛ ዘንድ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው በ2014 ዓ.ም. ያረፈ ነው። ከስልክ ላይ የተወሰደ ፎቶውን አንድ ቤት አሳድጎ፣ አሳምሮ፣ በመስታወት ከቶ ሰጥቷቸዋል። ቆዳው እንደ ሐር፣ ዓይኑ እንደ መስተዋት። እናትየው ግን አልተደሰቱም። «ልጆቼ፣ መልኩስ አምሯል። ፍንጭቱን የት አደረሱት?» አሉን። ልጁ ፍንጭት ነበር። ኮምፒዩተሩ ጥርሱን ገጥሞ ዘግቶታል።

ምነው ዘጋው? መልሱ ከወሎ በጣም ርቆ ይገኛል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ በፈረንጆቹ 2020 መሆኑ ነው፣ የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩትን «ፐልስ» የተባለ ፕሮግራም አንድ ሰው ሞከረው። የባራክ ኦባማን ፎቶ አኮስሶ፣ በጥቂት ፒክስሎች ብቻ አቅርቦ፣ «አሳድግልኝ» አለው። ፕሮግራሙ የነጭ ሰው ፊት ሠርቶ መለሰ! ዓለም ሳቀም፣ ተቆጣም። ፕሮግራሙ ግን በራሱ መንገድ ሥራውን ሠርቷል። የጎደለውን የሚሞላው ሲማር ካያቸው ፊቶች ነው፤ ካያቸው ውስጥ የሚበዙት እነማን እንደሆኑ ውጤቱ ተናገረ። እንግዲህ ፎቶ ምን በልቶ እንደሚያድግ በዚህ ይታወቃል፦ ወይ የራሱን፣ ወይ የሰው። የእኛው ልጅ የሰው ጥርስ በልቶ ነው ያደገው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የራሱን ቀለብ መፈለግ ነው። ቀለቡ ጥሬው ፋይል ነው፤ «ሮው» የሚሉት። በካሜራው ዳሳሽ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ የምትለካው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። የቀረውን ከጎረቤት ነጥቦች አስልቶ የሚያሟላው ፕሮግራሙ ነው። ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል ለእያንዳንዱ ነጥብ 16,384 የብርሃን ደረጃ ሲይዝ፣ ጄፔግ የሚይዘው 256 ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ደግሞ ይህም ይጨመቃል። የሚላከው በፋይል መልክ ይሁን፤ ይኼ ብቻ ስንቱን ፊት ያድናል!

የልጁን የምረቃ ቀን ሲያነሳ የዋለ የክፍል ጓደኛው ኮምቦልቻ ነበር። ሐረጎን ወርደን አገኘነው። ሚሞሪ ካርዱን አላጠፋውም፤ ፋይሉም ጥሬ ነው፤ 6000 በ4000 ፒክስል። ልጁ ከዳር ቆሟል፣ እየሳቀ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ነው። ቡና የሚያፈላ ሁሉ ያውቀዋል፦ ቡና የሚታጠበው ጥሬውን ነው፤ ተወቅጦ አይታጠብም። ፎቶም እንዲሁ። በጥሬው ላይ የቀለሙንና የብርሃኑን ሚዛን እናስተካክላለን፤ ኖይዝ የሚሉትን የቀለም ፍርፋሪ እናጥባለን። ይህ በላይትሩም ይሆናል፤ ገንዘብ የሌለው ተማሪ ዳርክቴብልን በነጻ ያገኛል። ሻርፕ ማድረግ ግን አሁን አይነካም። ለምን ቢሉ፣ ይህችን መጽሔት የሚያባዛ ሁሉ ያውቃል፤ ስቴንስሉ ላይ የሳትነው አንድ ፊደል በየገጹ ይወጣል። ፍርፋሪውም፣ ያለጊዜው የተሳለው ጠርዝም ከፎቶው ጋር አብሮ ያድጋል።

ቀጥሎ ሒሳብ ነው። ከማሳደግ በፊት «ስንት ያህል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከቡድኑ መሐል የልጁን ከደረት በላይ ስንቆርጠው 1200 በ1500 ፒክስል ወጣን። እናትየው የፈለጉት 40 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ በአንድ ኢንች 76 ፒክስል ያህል ይደርሳል፤ ያንሳል። በእጅ ይዘው ለሚያዩት ፎቶ 300 ይመከራል፤ ከሳሎን ግድግዳ ላይ ከሁለት ሜትር ርቀት ለሚታይ ግን 150 ያህል ይበቃል። ስለዚህ ጎኑን ሁለት እጥፍ ማድረግ በቂ ነው፤ 152 ይሆናል። አራት እጥፍ፣ ስድስት እጥፍ ማለት ትርፍ ነው። ትርፉን የሚሞላው ደግሞ ግምት ነው።

ማሳደጉ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረግ። ላይትሩም ውስጥ ከ2021 ጀምሮ «ሱፐር ሬዞሉሽን» የሚባል አለ፤ ከጥሬው ፋይል ተነስቶ ጎኑን ሁለት እጥፍ፣ ፒክስሉን አራት እጥፍ ያደርጋል። ነጻ የሆነው «አፕስኬል»ም አለ። በየትኛውም ይሁን፣ ፊት አሳምራለሁ የሚለው ቁልፍ ካለ ይጥፋ። ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሲሻገር በጄፔግ ሳይሆን በ16 ቢት ቲፍ ይሁን። ግን ቲፉ ከባድ ነው፦ ሙሉው ፎቶ ሁለት እጥፍ ሲሆን 576 ሜጋባይት ይደርሳል። የተቆረጠው ብቻ ሲወጣ 43 ገደማ ነው። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት፣ ለአራት ተማሪ አንድ ኮምፒዩተር ባለበት ቦታ ይኼ ልዩነት የሌሊትና የግማሽ ሰዓት ልዩነት ነው። ከዚያ በፎቶሾፕ ወይም በጊምፕ አቧራውን መልቀም፣ በመጨረሻም በሚታተምበት መጠን ላይ ሻርፕ ማድረግ፣ በቃ።

ኮምቦልቻ አሳትመን ወደ ደሴ ይዘን ወጣን። እናትየው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ቅንጣቱ ይታያል፤ ጉንጩ ሐር አይደለም። ፍንጭቱ ግን አለ፣ ትንሽ ጥላ ሆኖ በፈገግታው መሐል። «እሱ ነው» አሉ። ሌላም አልጨመሩ።

ከእኛ መሐል «የመጀመሪያው እኮ ይበልጥ ያምራል፤ ለሰው ደስ ያለውን መስጠት ምን ይጎዳል?» ብሎ የተከራከረ አለ። ክርክሩ አይናቅም። ግን እስቲ እናስብ፦ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንን ፎቶ የሚያየው ልጁን ያላወቀ የእህቱ ልጅ ነው። የፎቶው ስህተት ለእናትየው ይታያቸዋል፤ ለእሱ ግን አይታየውም። ያኔ ማን ያርመዋል? አጎቱን ፍንጭት አልባ አድርጎ ይወርሳል።

እንግዲህ በየዶርሙ ካሜራ ያላችሁ፣ የምረቃ ሰሞን ስትሯሯጡ የምትውሉ፦ ጥሬውን ፋይል አታጥፉ፤ ከዳር የቆመውንም ሰው በትኩረት አንሱት። ያሳደጋችሁትን ከማተማችሁ በፊት ለሚያውቀው ሰው አሳዩት። በወረቀቱ ጀርባ ላይ ደግሞ ከየትኛው ፎቶ እንደተወሰደና ስንት እጥፍ እንዳደገ በእርሳስ ጻፉበት። አንድ መስመር ይበቃል።