ነፋሱ በየት ይለፍ? ከወላይታ ሶዶ

ሚኒሶታ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ሶዶ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሊያሠራ ነው። በላከልኝ ንድፍ ላይ የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም አየር በቆርቆሮ ቱቦ በወለሉ ውስጥ እየሄደ ወደየክፍሉ ይገባል። «እዚህ ቤታችን እንዲህ ነው፤ እዚያም ይሁንልኝ» ይላል። ቦታውን አይቼ፣ ሠራተኞቹንም አናግሬ እንድነግረው ለምኖኝ በሆሳዕናና በአረካ አድርጌ ወረድኩ።

እሱ የሚኖርበት ቤት አጥንቱ እንጨት ነው። ወለሉን የሚሸከሙት ጎን ለጎን በጠርዛቸው የቆሙ ጣውላዎች ናቸው። ቱቦው በሁለት ጣውላ መሀል ቢጋደም ማንንም አይጎዳም፤ ጭንቁ ጣውላውን ማቋረጥ ሲኖርበት ነው። ሰው ሲረግጠው የጣውላው የላይኛው ጠርዝ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይወጠራል፣ ወገቡ ላይ ግን ጫናው ትንሽ ነው። ስለዚህ ቀዳዳ የሚፈቀደው ወገቡ ላይ፣ ከቁመቱ ሲሶ ሳያልፍ፣ ከሁለቱም ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነው። 24 ሴንቲ ቁመት ያለው ጣውላ 8 ሴንቲ ቀዳዳ ይችላል ማለት ነው። ዋናው ቱቦ በዚያ አይሾልክም፤ ለዚህ ነው አሜሪካኖች ከምድር ቤቱ ጣሪያ ላይ አንጠልጥለው የሚወስዱት። በመጋዝ የታችኛውን ጠርዝ የሚበላ ሰው ግን ወለሉን ሲያጎብጠው ይኖራል።

ሶዶ ውስጥ እንዲህ ያለ የእንጨት ወለል አላገኘሁም። ዳገቱ ላይ አንድ ፎቅ ሶሌታው ሊሞላ ተሰናድቶ ነበር፤ ካሳፎርሙ ተዘርግቷል፣ ብሎኬቱ ተደርድሯል፣ ፌራዮዎቹ ጎንበስ ብለው ሽቦ ያስራሉ። ፎርማኑን ቱቦ ማሳለፍ ቢያስፈልግ በየት እንደሚያሳልፈው ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ሳንሞላ ከነገሩኝ ቀላል ነው፤ ብሎኬት አንስቼ የእንጨት ሳጥን አስቀምጣለሁ። ከሞላን በኋላ ከነገሩኝ መዶሻ ነው የሚመጣው።»

ልክ ነው። በዚህ ዓይነት ሶሌታ ብሎኬቱ ቦታ መሙያ እንጂ ተሸካሚ አይደለም። የሚሸከመው በብሎኬቶቹ መሀል ፌሮ ይዞ የሚያልፈው ቀጭን የኮንክሪት ጎድን ነው። ብሎኬት ቢወጣ ምንም የለም፣ ጎድን ቢቆረጥ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቢም ላይ ደግሞ ኮለኑ አጠገብ አይነካም፤ ሸክሙ ወደ ኮለኑ የሚተላለፍበት ሥፍራ ነውና። እዚያው ሠፈር አንድ ያለቀ ቤት ውስጥ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ለማሳለፍ ቢሙ ተሰብሮ ፌሮው አፍጥጦ አየሁ። ቧንቧ ሠራተኛው የተጠራው ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ነው። በየከተማው ያለ በሽታ ነው፤ ፌራዮና ቧንቧ ሠራተኛ አንድ ቀን እንኳ አብረው አይቆሙም።

ያለ ቱቦስ ሙቀቱና አየሩ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ከዳሞታ ተራራ ግርጌ እንሰት መሀል አንድ አሮጌ የሣር ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ የወንድማቸው ልጅ ያስተረጉማል። መስኮት የለም። እሳቱ መሀል ላይ ነው፣ ከብቶቹ በአንድ ወገን ያድራሉ። አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል፤ ላም ከዚያ ብዙ እጥፍ። ጭሱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጥቶ በሣሩ ውስጥ ይሾልካል። በመንገዱም ሣሩን ያደርቃል፣ እንጨቱን በጥላሸት ቀብቶ ከነቀዝ ይጠብቃል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ማሰሪያው፣ ክዳኑና ጭሱ በእሳቸው አነጋገር አንድ ሥራ ነበሩ። ሮማውያን ወለሉን በጡብ ምሰሶ ላይ አንሥተው ትኩስ አየር ከሥሩ ይሰድዱ ነበር፣ ኮርያውያንም የምድጃውን ጭስ በወለሉ ሥር ያሳልፋሉ፤ እነሱም ዘንድ የእሳቱ መንገድ የሚታሰበው ከወለሉ ጋር ነው። በሣር ቤቱ ግን ሳል አይቀርም፤ ዓይኔ እያነባ ነው የወጣሁት፣ ይህን ጭስ ዕድሜዋን ሙሉ የምትተነፍሰው ደግሞ የቤቱ ሴት ናት።

ልጃቸው እዚያው ግቢ የቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ቀን ይጋላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ኮርኒስ የለውም፤ ግድግዳው ጣሪያውን ሳይነካ ቀርቶ የተተወችው ክፍተት ብቻ ታናፍሰዋለች።

ከሶዶ በአባያ ሐይቅ አቅጣጫ ወደ ሁምቦ ስወርድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ሶዶ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአባያ ሐይቅ ዳር 1,200 አካባቢ ነው፤ በዚህ ልዩነት ብቻ ሙቀቱ 5 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ማቀዝቀዣ የሚያምረው እዚህ ነው። እሱም ቢሆን ዛሬ በቀጭን የመዳብ ቱቦ በግድግዳ ቀዳዳ የሚገባው ዓይነት ይበቃል፤ ወለል መብሳት አያሻም።

ለዘመዴ የጻፍኩለት ይህን ነው። ለሶዶ አየር የሚኒሶታ ቱቦ አያስፈልግም። ትይዩ መስኮቶች፣ ሰፊ የጣሪያ ክንፍ፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስና አየር ማውጫ ይሁን። በወለሉ ማለፍ ያለባቸው የኩሽናው ጭስ ማውጫና የመታጠቢያ ቤቶቹ ቧንቧ ናቸው፤ እነሱም ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይውረዱ፣ ሳጥኖቻቸውም ልካቸው ተጽፎ በፌሮው ንድፍ ላይ ይሣሉ። በሁሉም ተስማማ። የከበደው በክረምት ዝናብ የእናቱን መኝታ ቤት ማሞቁ ነው። ለአክስቴ ክፍል የከሰዓት ፀሐይ የሚገባበትን ወገን መረጥን፣ ለኤሌክትሪክ ማሞቂያም ለብቻው ወፍራም መስመር እንዲጎተትላት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ተነገረ፤ ሶሌታው ሳይሞላ።