መምህሩና አራቱ ከተሞች

ከሙያዎች ሁሉ የመምህርነትን ያህል ሰውን ከስፍራ ስፍራ የሚያንቀሳቅስ ጥቂት ነው። ገበሬ ከእርሻው፣ ሸማኔ ከመወርወሪያው፣ አንጥረኛ ከወናፉ አይርቅም። የመምህር ዋናው መሣሪያ ግን አንደበቱ ነውና ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ባለበት ሁሉ ሥራ አለው። በተለይም እንግሊዝኛ የንግድ፣ የባሕር ጉዞና የሳይንስ ቋንቋ እየሆነ ከመጣበት ከ19ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ይህን ቋንቋ በባዕድ አገር ማስተማር ራሱን የቻለ መተዳደሪያ ሆኗል። እንዲህ ያለው መምህር ገና ጓዙን ሳይሸክፍ የሚገጥመው ጥያቄ ሰዋስውን የሚመለከት አይደለም፤ መኖሪያን የሚመለከት ነው። ከዋናው ከተማ ይኑር ወይስ ከጠረፍ? ደመወዝ ከሚበልጥበት ወይስ ባህልና ቋንቋ ሳይደበዝዝ ከሚገኝበት? የአገሩ ሰዎች ከተሰባሰቡበት ወደብ ወይስ እርሱ ብቻውን እንግዳ ከሚሆንበት ትንሽ ከተማ?

ጥያቄው ለኢትዮጵያዊ መምህር ባዳ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት እንዲያስተምሩ ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሲልክ፣ የምድብ ቦታ ነገር የወጣቱ ሁሉ ጭንቀት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሰላም ጓድ ተብለው ከአሜሪካ የመጡትን፣ ከሕንድ አገር መጥተው በየአውራጃው ያስተማሩትንም ብዙዎች ያስታውሷቸዋል። ተማሪው ስለ እነርሱ ይገረም የነበረው ከመጡበት አገር ርቀት ይልቅ ለምን ወደዚያች ከተማ እንደ መጡ ነበር። ይህን ጥያቄ በሕይወቱ አራት ጊዜ የመለሰ፣ መልሱም በጽሑፍ ተመዝግቦ የቀረ አንድ የብዕር ሰው አለ። እርሱም በጃፓን እንግሊዝኛ ያስተማረው ላፍካዲዮ ኸርን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ኸርን በ1850 በግሪክ ደሴት በሌፍካዳ ከግሪካዊት እናትና ከአየርላንዳዊ ወታደራዊ ሐኪም ተወለደ፤ ያደገው በደብሊን ነው። በ16 ዓመቱ በደረሰበት አደጋ የግራ ዓይኑ ጠፋ። በ19 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሰዶ በሲንሲናቲና በኒው ኦርሊየንስ በጋዜጠኝነት ኖረ። ሚያዝያ 1890 ዮኮሃማ ሲደርስ የመጽሔት ጽሑፍ ለማዘጋጀት የመጣ እንጂ ለማስተማር ያሰበ አልነበረም። ከአሳታሚዎቹ ጋር ተጣልቶ ገንዘብ ሲያጥረው በቶኪዮ የንጉሠ ነገሥቱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ባዚል ሆል ቼምበርሌን በአማላጅነት ቆሙለት። እንጀራ አጥቶ ወደ መምህርነት እንደ ገባ ሁሉ ብዙ ሰው በዚህ በር ነው የሚገባው።

በዚያ ዘመን በጃፓን የመኖሪያ ምርጫ ለባዕድ ሰው ክፍት አልነበረም። በውሎቹ መሠረት የውጭ አገር ሰዎች እንዲኖሩ የተፈቀደላቸው በተወሰኑ የወደብ ከተሞች ክልል ውስጥ ነበር፤ ይህ ሥርዐት የተሻረው በ1899 ነው። ከወደቡ ክልል አልፎ በመሐል አገር ለመኖር ከሚቻልባቸው ጥቂት መንገዶች አንዱ ለጃፓናዊ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ መሥራት ነበር። በመሆኑም ለኸርን መምህርነት ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የይለፍ ወረቀትም ነበር። ሌሎች የማያዩትን አገር ለማየት አስቻለው።

የመጀመሪያው ከተማ ማትሱዬ ናት። በጃፓን ባሕር በኩል፣ በሺንጂ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች፣ የጥንት ግንብ ያላት ከተማ ነች። ኸርን በነሐሴ 1890 መጨረሻ ደርሶ በመካከለኛ ደረጃ ት/ቤትና በመምህራን ማሠልጠኛ በወር 100 የን ማስተማር ጀመረ። ማለዳ የሚቀሰቅሰው የሩዝ መውቀጫ ድምፅ ነበር፤ ቀጥሎ የቤተ መቅደስ ደወል፣ ከዚያም በትልቁ ድልድይ ላይ የሚረግጠው የእንጨት ጫማ ኳኳታ ይከተላል። በኋላ ስሙን ያስጠራው በ1894 የታተመው የጃፓን ትዝብቱ በአብዛኛው ከዚህች ከተማ የተቀዳ ነው። እንግሊዝኛ የሚችለው የት/ቤቱ መምህር ኒሺዳ ሴንታሮ ጓደኛና አስተርጓሚ ሆነው። በ1891 መጀመሪያም ከደኸየ የሳሙራይ ቤተሰብ የተወለደችውን ኮይዙሚ ሴትሱን አገባ። ያገራችን ሰው «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት» ይላል። ኸርን በማትሱዬ ወርቅ እንደ ሆነ ነበር የኖረው።

ይሁን እንጂ ፍቅር ብቻውን ቤት አያሞቅም። የማትሱዬ ክረምት ብርቱ ነው፤ ኸርንም ታመመ። ከዚህም ሌላ ከሴትሱ ጋር ያገባው ሴትሱን ብቻ አልነበረም። ኑሮ የጎደለባቸው ዘመዶቿ ሁሉ በእርሱ ደመወዝ ሥር ሆኑ። ይህን ለመረዳት ጃፓናዊ መሆን አያስፈልግም፤ በመጀመሪያ ደመወዙ የታናናሾቹን የት/ቤት ወጪ የከፈለ ኢትዮጵያዊ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በኅዳር 1891 በ200 የን ደመወዝ ወደ ደቡብ ወደ ኩማሞቶ ተዛወረ። በማትሱዬ የቆየው 15 ወር ያህል ነው። ተማሪዎቹ እስከ መርከቡ ማሳፈሪያ ድረስ ሸኙት።

ኩማሞቶ የጦር ሠፈር ከተማ ነበረች። በ1877 በተነሣው የሳትሱማ ዐመፅ ጊዜ በእሳት ወድማ እንደ አዲስ የተሠራች በመሆኗ ኸርን የሚወድደው አሮጌ ነገር አልቀረባትም። ከመምህራኑ ጋርም እንደ ማትሱዬ አልተላመደም። የሚገርመው ግን በዚያ የጠበቀው ት/ቤት ደካማ አለመሆኑ ነው። የአምስተኛው ከፍተኛ ት/ቤት አለቃ የጁዶ ስፖርት መሥራች ካኖ ጂጎሮ ነበሩ። ተማሪዎቹም በዕድሜ የበሰሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ፣ በቀላሉ የማይከፈቱ ወጣቶች ነበሩ። ኸርን በእንግሊዝኛ ድርሰት ርእስ እየሰጠ ሐሳባቸውን ማውጣት ጀመረ። ያ የክፍል ሥራ በ1895 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ኪዩሹ ተማሪዎች ለጻፈው ምዕራፍ መሠረት ሆነ። በ1893 የመጀመሪያ ልጁ የተወለደውም በዚህችው በማይወድዳት ከተማ ነው።

ሦስተኛዋ ከተማ ኮቤ ናት። በ1894 መምህርነቱን ትቶ በዚያ በሚታተም የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ለመጻፍ ሄደ። ኮቤ ከ1868 ጀምሮ ለውጭ ንግድ የተከፈተች ወደብ ስትሆን የአውሮፓውያን ሠፈር፣ ባንክና ክበብ ነበራት። ቋንቋው የሚነገርባት፣ ምግቡ የሚገኝባት ከተማ ነበረች። ለስደተኛ መምህር ከዚህ የበለጠ ምን ምቾት አለ ይባል ይሆናል። ለኸርን ግን ከከተሞቹ ሁሉ ባዕድ የሆነችበት የገዛ ወገኖቹ የሚኖሩባት ይህች ከተማ ነበረች። የነጋዴዎቹ ትዕቢት አስመረረው፤ የቀረችው አንድ ዓይኑም በሥራ ብዛት ታመመች፤ ሥራውንም ለመልቀቅ ተገደደ። ሚስቱና ልጁ ያለ መብት እንዳይቀሩ በማሰብ በ1896 የጃፓን ዜግነት ተቀበለ። ስሙም ኮይዙሚ ያኩሞ ሆነ። «ያኩሞ» ማትሱዬ የምትገኝበትን የኢዙሞን ምድር በጥንታዊ ቅኔ የሚያስታውስ ቃል ነው። ከሄደባት ከተማ ርቆ ስሟን ለበሰ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም በቶኪዮ የንጉሠ ነገሥቱ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ሆነ። ደመወዙ 400 የን ነበር፤ ከማትሱዬው አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ቶኪዮን አልወደዳትም። ሆኖም ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል እየተናገረ ያስተማራቸውን ተማሪዎቹ በደብተራቸው ስለ ገለበጡት፣ ከሞተ በኋላ ከእነዚያ ደብተሮች መጻሕፍት ወጡ። ሴትሱ በምሽት የቆዩ ተረቶችን ታጫውተው ነበር። የሚነጋገሩት ሁለቱ ብቻ በሚግባቡበት የተሰባበረ ጃፓንኛ ነበር። በ1904 የታተመው «ክዋይዳን» የተባለው የመናፍስት ተረት መጽሐፉ የዚህ ጨዋታ ፍሬ ነው። በየበጋው ወደ ያይዙ እየወረደ ከአንድ ዓሣ ሻጭ ቤት ያርፍና በባሕሩ ይዋኝ ነበር። በ1903 ዩኒቨርሲቲው አሰናበተው፤ ተማሪዎቹ ተቃወሙ። ከተተኩት መምህራን አንዱ ከለንደን የተመለሰው ደራሲ ናትሱሜ ሶሴኪ ነበር። ሶሴኪም ከ1896 እስከ 1900 በኩማሞቶ በዚያው በኸርን ት/ቤት አስተምሮ ነበር። ኸርን መስከረም 1904 በ54 ዓመቱ በቶኪዮ ዐረፈ።

ይህ ታሪክ ላዩን ሲታይ ቀላል ፍርድ የሚሰጥ ይመስላል፤ ደመወዙ በጨመረ ቁጥር ደስታው ቀነሰ የሚል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ማትሱዬ ዓይኑን ሞላችው፤ ቤተሰቡን ግን ማኖር አልቻለችም። ቶኪዮ አስመረረችው፤ ነገር ግን ልጆቹን አሳደገችለት፣ ምርጥ ተማሪዎችን ሰጠችው፣ የብዕሩንም የመጨረሻ ፍሬ በውስጧ አፈራ። በማትሱዬ የተዘራው በቶኪዮ ታጨደ ማለት ይቀላል። ከአንዷ ከተማ ብቻ ቢኖር ኖሮ አንድም በችግር፣ አንድም በባዶነት በተጎዳ ነበር። መምህር ከተማውን ሲመርጥ ደመወዙን ብቻ የሚመለከት ከሆነ ስሌቱ ጎደሎ ነው፤ ደመወዝን የሚንቅም ከሆነ የሚበደሉት በእርሱ እጅ የሚያድሩት ናቸው።

ሌላ ምሳሌ ለማመዛዘን ይረዳል። አየርላንዳዊው ደራሲ ጄምስ ጆይስ በ1904 ከደብሊን ሲወጣ በበርሊትዝ ት/ቤት ለማስተማር አስቦ ነበር። በዙሪክ ቦታ የለም ተባለ፤ በትሪየስትም ቦታ የለም ተባለ፤ በመጨረሻ የኦስትሮ ሀንጋሪ የባሕር ኃይል ሠፈር በሆነችው በፖላ ተመደበ። በ1905 ወደ ትሪየስት ተዛወረ። ከሮም የጥቂት ወራት ቆይታ በቀር እስከ 1915 ድረስ ኑሮው በዚያ ነበር። ትሪየስት ከተለያየ ብሔር የመጡ ነጋዴዎች የሞሉባት የንግድ ወደብ ስለነበረች እንግሊዝኛ የሚፈልግ ሞልቷል። ከግል ተማሪዎቹ አንዱ በቀለም ፋብሪካ ይሠራ የነበረው፣ መጻፍ ትቶ የተቀመጠው ኢታሎ ዝቬቮ ነበር። መምህሩ የተማሪውን የተረሱ መጻሕፍት አንብቦ አደነቀ፤ ዝቬቮም በ1923 ታላቁን ልብ ወለዱን «የዜኖ ሕሊና»ን አሳተመ። ጆይስ ትሪየስትን በጥናት አልመረጣትም፤ የሥራ ቦታ ፍለጋ ነበር የወሰደው። ሆኖም በትምህርቱ ሰዓት በፊቱ የተቀመጠውን ሰው በማየቱ ከተማይቱ ሁለት ደራሲያን አተረፈች።

ዛሬም የባዕድ ቋንቋ መምህር የምድቡን ቦታ ሙሉ በሙሉ የሚወስነው እርሱ አይደለም። በ1987 በተጀመረው የጃፓን መንግሥት የመምህራን ልውውጥ መርሐ ግብር አመልካቾች የሚሹትን ስፍራ መጥቀስ ይችላሉ፤ ምደባው ግን የሌላ ነው። ብዙዎች ስሟን ሰምተው በማያውቋት ከተማ ይነቃሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቀረው ምርጫ አኗኗር ነው። ከወገን ጋር ብቻ መዋል ወይስ ከገበያው፣ ከጎረቤቱና ከመምህራኑ ማረፊያ ክፍል መግባት? ኸርን በኒሺዳ በኩል ማትሱዬን እንዳገኘ ሁሉ እንግዳን ወደ ከተማው የሚያስገባው አንድ የአገሬው መምህር ነው። በሀገራችንም በአንዲት የአውራጃ ከተማ የሚያስተምር ሰው ሲቸግረው ወይም ሲያዝን የሚያጽናናው አስቀድሞ በዚያ የነበረው ባልደረባው ነው።

ጃፓንን በተመለከተ ለኢትዮጵያውያን ተጨማሪ ትዝታ አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደዚያች አገር ተጉዘው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት በአርአያነት የተከተለ ነው። ኅሩይ የተመለከቱት ት/ቤቱና ፋብሪካው የሚያበራውን ብርሃን ነበር። ኸርን ደግሞ በዚያ ብርሃን ሥር እየተረሳ ያለውን ተረትና ልማድ ይሰበስብ ነበር። ልዩነቱ የሰዎቹ ብቻ ሳይሆን የቆሙበትም ነው። ከቤተ መንግሥትና ከፋብሪካ የሚታየው ጃፓን ከሐይቅ ዳር የሚታየው ጃፓን አይደለም። መምህርም በሚኖርባት ከተማ በኩል ነው አገሩን የሚያየው፤ ለአገሩም ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ የዚያችን ከተማ መልክ ይይዛል።

በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ወገን ተማሪው ነው። መምህሩ ስለ ደመወዝ፣ ስለ አየር ጠባይና ስለ ብቸኝነት ሲያወጣና ሲያወርድ፣ በሩቅ ከተማ ያለው ተማሪ ማን እንደሚመጣለት አያውቅም፤ የመምረጥም ዕድል የለውም። በኅዳር 1891 ወደብ ላይ ቆመው የሸኙት ወጣቶች ከኸርን ጋር የነበራቸው ጊዜ 15 ወር ብቻ ነበር። ማትሱዬ ግን እስከ ዛሬ የኖረበትን የሳሙራይ ቤት ጠብቃ ይዛለች፤ በ1933 ቤተ መዘክር አቆመችለት። ረጅሙን ጊዜ የወሰደችው ቶኪዮ ናት፤ አጥብቃ የያዘችው ግን ትንሿ ከተማ ናት። መምህር የሚበዛላቸው ትልልቅ ከተሞች አንዱ ቢሄድ ሌላ ይተካላቸዋል። በትንሽ ከተማ ግን የአንድ መምህር መምጣትና መሄድ በአንድ ትውልድ ተማሪዎች ሕይወት ላይ ይቆጠራል። ከተማ የሚመርጥ መምህር ከኪሱና ከጤናው ቀጥሎ፣ በዚያ የሚጠብቁት እነማን እንደ ሆኑ ቢጠይቅ ሚዛኑ ይሞላል።