ሥራ ያጣችው ማብሪያ

በመኪና ስትጓዙ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ዳሽቦርድ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? በአሮጌ መኪና ላይ ቢጫኑት ምንም የማይሠራ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አይጠፋም። አንዱ ሽቦው ተበጥሷል፤ ሌላው የሚያዝዘው ዕቃ ከመኪናው ላይ ከወለቀ ዓመታት አልፈውታል።

በእኛ አሮጌ ሱዙኪ ቪታራም ላይ እንዲህ ያለች ማብሪያ ነበረች። በላይዋ ላይ አራት ማዕዘን መስታወትና ወደ ላይ የሚወጡ ሦስት ጠመዝማዛ ቀስቶች ተሥለውባታል። የኋላውን መስታወት እያሞቀች ጉም እንድታጠፋ ፋብሪካው የሠራት ናት። የኋላው መስታወት ግን በድንጋይ ተሰብሮ፣ ማሞቂያ መሥመር በሌለው ተራ መስታወት ተተክቷል። ስለዚህ ማብሪያዋ ሥራ ፈትታ ተቀምጣ ነበር።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ እርሷ ነው። እህቶቼ፣ የመኪና ነገር የወንዶች ነው ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት። ታሪኩ የባልና የሚስትም ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

የምሽቱ መንገድ

ባለቤቴ ፓስተር ነው። በ2010 ዓ.ም. የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ሲሆን፣ እርሱ ለአገልግሎት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ወደ ቡሬና በዙሪያዋ ወዳሉ የገጠር ቀበሌዎች ይመላለስ ነበር። መንገዱ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው ዋናው አስፋልት ነው። ቡሬ ላይ የነቀምቱ መንገድ ስለሚገናኘው የጭነት መኪናው ብዙ ነው። ቀን ሲያዩት ግራና ቀኙ በቆሎና በርበሬ ነውና ደስ ይላል። በክረምት ሲመሽ ግን ሌላ መንገድ ይሆናል። ዝናቡ አለ፤ ጭጋጉ አለ፤ ከግጦሽ የሚመለሰው ከብት አለ። ከሁሉም የሚያስፈራው ከኋላው መብራትም ሆነ አንጸባራቂ የሌለው የፈረስ ጋሪ ነው።

በሐምሌ አንድ ምሽት ከቡሬ ስንመለስ እኔና ሁለቱ ልጆቻችን አብረነው ነበርን። ማንኩሳ ሳንደርስ ጭጋግ ወረደ። ባለቤቴ የተሻለ ለማየት ብሎ ረጅሙን መብራት ቢያበራ፣ ጭራሽ ነጭ ግድግዳ የቆመብን መሰለን። ረጅም መብራት በጭጋግ ውስጥ እንዲህ ነው፤ ብርሃኑ በጥቃቅኑ ጠብታዎች ላይ አርፎ ወደ ነጂው ዓይን ይመለሳል። ወዲያው ከግድግዳው ውስጥ የጋሪ ጎማ ብቅ አለ። ባለቤቴ ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናው ተንሸራቶ ቆመ። ከኩንታሉ በላይ ሕፃን ያዘለች እናት ተቀምጣ ነበር። በእኛና በጋሪው መካከል የቀረው ከሁለት ክንድ አይበልጥም።

ያን ሌሊት ባለቤቴ ሳይተኛ አደረ። በማለዳ፣ "የጭጋግ መብራት ማስገባት አለብን" አለኝ። የጭጋግ መብራት ዝቅ ብሎ ከፊት ፓራውልቱ አካባቢ ይታሰራል፤ ብርሃኑም ወደ ላይ ሳይወጣ ወደ ጎን ሰፍቶ አስፋልቱን ይጠርጋል።

የቆጠብኩት ገንዘብ

ለስብሰባ አዲስ አበባ ሲሄድ ከሶማሌ ተራ ሁለት የጭጋግ መብራቶች ገዝቶ መጣ። ቡሬ ውስጥ አንድ በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሉ ስለተባለ ይዘናቸው ሄድን። ባለቤቴ ዳሽቦርዱን አስበስቶ አዲስ ማብሪያ ለማስተከል አስቦ ነበር። ሽማግሌው ግን በዚያች ሥራ ፈት ማብሪያ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ "ፓስተር፣ ይቺ እያለች ምን አድርጎን ነው የምንበሳው? በጨለማም ቢሆን እጅዎ ለምዷታል፤ የራሷም ትንሽ መብራት አላት። ደግሞ ኮረንቲ የሚመጣላት ቁልፉ ሲዞር ብቻ ነውና ረስተዋት ቢወርዱ ባትሪ አትጨርስብዎትም" አሉት።

ቀጥለው የሚያስፈልገውን ዘረዘሩልን፤ ሪሌ፣ ፊውዝ ከነቤቱ፣ ወፍራም ሽቦ። ዋጋውን ስሰማ በልቤ የልጆቹ ትምህርት ቤት ምዝገባ መጣብኝ። "ሁለት አምፖል ለማብራት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?" አልኩ። ባለቤቴ ለብቻዬ ጠርቶ፣ "የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው፤ እሺ እንበላቸው" አለኝ። በቤታችን ገንዘቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የመጨረሻውን ቃል ተናገርኩ። ያ ቃል "አይሆንም" የሚል ነበር።

በማግሥቱ ሌላ ሠራተኛ አገኘን። በግማሽ ዋጋ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨረሰልን። ሪሌ የለ፤ ፊውዝ የለ፤ የመብራቱ ኮረንቲ በሙሉ በማብሪያዋ ውስጥ እንዲያልፍ አድርጎ አገናኘው። ስንጫናት መብራቱ ቦግ አለ። እኔም ወደ ባለቤቴ ዞሬ "አየህ?" አልኩት።

ያቺን "አየህ?" እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በሌላ ዝናባማ ምሽት ከጅጋ ወደ ቤት ስንመለስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ወዲያው ከማብሪያዋ ሥር ቀጭን ጭስ ወጣ። ባለቤቴ ሊያጠፋት ቢጫናት ቀልጣ ተጣብቃለች፤ አልመለስ አለች። መኪናውን አቁሞ፣ "ልጆቹን አውጪ!" አለኝ። እርሱ ከወንበሩ ሥር መፍቻ አንሥቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። ጭሱ ቆመ። እኔ በዝናቡ ውስጥ ከእንቅልፋቸው የባነኑትን ልጆች በጋቢ ሸፍኜ አለቀስኩ።

ባለቤቴ "ነግሬሽ ነበር" አላለኝም። በዚያ ምሽትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላለኝም። ብሎኝ ቢሆን ምናልባት መልስ አላጣም ነበር። ዝምታው ግን ራሴን እንዳይ አደረገኝ።

ትእዛዝና ሸክም

በነሐሴ ወደ ቡሬው ሽማግሌ ተመለስን። ባለቤቴ ሳይናገር ቀድሜ፣ "አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳቸው። አልሳቁብኝም። ወቅቱ ፍልሰታ ስለነበር ያቀረብንላቸውን ሻይ "እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም" ብለው መለሱና ካቻቢቴያቸውን አንሥተው ዳሽቦርዱን ፈቱ። የተቃጠለውን ሽቦ መዝዘው እጄ ላይ አኖሩት። የቴፕ ስፒከር ሽቦ ነበር።

"እስቲ አስቢው ልጄ" አሉኝ። "አንዱ አምፖል 55 ዋት ነው፤ ሁለቱ 110 ይሆናሉ። ለ12 ቮልት ስታካፍይው ወደ 9 አምፒር ይመጣል። ይህ ሁሉ በዚህ ክር በሚያህል ሽቦና በዚያች ማብሪያ ጥቃቅን ምላሶች ላይ ሲያልፍ መጋሉ አይቀርም። ይቺ የእናንተ ማብሪያ የተሠራችው ለማዘዝ ነው እንጂ ለመሸከም አይደለም።"

የሚሸከመው ሪሌ ነው። ከክብሪት ሣጥን ያነሰች ዕቃ ናት፤ በውስጧ የሽቦ ጥቅልል አለ። ማብሪያዋ ትንሽ ኮረንቲ ስትልክለት ጥቅልሉ ማግኔት ይሆንና ጠንካራውን መገናኛ ስቦ ይገጥመዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከአንድ አምፒር አንድ አምስተኛው ገደማ ብቻ ነው። ከሥሯ ቁጥሮች አሉ። 30 ከባትሪ የሚመጣውን ወፍራም ሽቦ ይቀበላል፤ 87 ወደ መብራቶቹ ይልካል፤ 85 እና 86 የጥቅልሉ ሁለት ጫፎች ናቸው። ሽማግሌው 15 አምፒር ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ አኖሩ። ለምን ከአጠገቡ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ፊውዝ የሚጠብቀው ከእርሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ብቻ መሆኑን አስረዱኝ።

የቀለጠችውን ማብሪያ የምትተካ፣ ከተፈታ መኪና የወጣች አንዲት ተመሳሳይ ከአዲስ አበባ አስመጣን። ሽማግሌው ሽቦ ከማገናኘታቸው በፊት እግሮቿን አንድ በአንድ በቴስተር ለኩ፤ ቁልፍ ሲዞር ኮረንቲ የሚመጣባት የትኛዋ ናት፣ ስንጫናት የምትልከው በየትኛዋ ነው፣ የራሷን ትንሽ መብራት የምታበራው የትኛዋ ናት። በአንዳንድ መኪና ማብሪያው የሚልከው ፖዘቲቩን ሳይሆን ኔጋቲቩን ስለሆነ በግምት መሥራት አይቻልም። ወደ ኋላ መስታወት ይሄድ የነበረውን የድሮ ሽቦም አልቆረጡትም፤ ለይተው ጫፉን በናስትሮ ጠቀለሉት። "አንድ ቀን ደኅና መስታወት ብታገኙ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች" አሉ።

እናንተም ብታስቡት

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያሉትን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት እንጠግናቸዋለን። እንዲህ ያለ ሥራ ለማሠራት የምታስቡ ካላችሁ ከሽማግሌው የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የማብሪያውን ጠባይ እወቁ። አንዳንዱ ሲጫኑት ገብቶ ይቀራል፤ የእኛ እንዲህ ነበረች። አንዳንዱ ግን ሲለቁት ይመለሳል። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ የኋላ መስታወት ማሞቂያ ከሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ይህን ሳያውቁ መብራት ቢያገናኙበት ጭጋግ መካከል ይጨልምባችኋል። ሁለተኛ፣ እንደ ሲኖትራክ ያሉ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ስለሆኑ የ12 ቮልት ሪሌና አምፖል አይሆናቸውም። ሦስተኛ፣ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ቢጫ ሶኬት ያላቸውን ሽቦዎች ማንም እንዳይነካቸው፤ ዳሽቦርድ ከመፈታቱ በፊትም የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀልና ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። አራተኛ፣ ሽቦው በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ጎማ ይደረግለት፤ አለዚያ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ብረቱ ይልጠዋል። በመጨረሻም ጭጋጉ ሲገፈፍ መብራቱን አጥፉት፤ ከፊት ለሚመጣው ሰው ዓይን እናስብ።

ከሽቦው በላይ የቀረልኝ ነገር ግን ሌላ ነው። በቤታችን የገንዘቡ ማብሪያ በእኔ እጅ ነበር። "ይሁን" ወይም "አይሁን" እላለሁ፤ ሸክሙን ግን ብዙ ጊዜ የሚሸከመው በመንገድ ላይ ያለው ባለቤቴ ነው። እኔ ሞቃት ቤት ተቀምጬ የቆጠብኩት ብር በእርሱና በልጆቼ ሕይወት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ አልለካሁትም። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተስማምተናል። ስለ መንገድ ነገር መጀመሪያ የሚናገረው መንገደኛው ነው፤ ስለ ጓዳው ነገር መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ አብረን እንወስናለን። ውድ ባለትዳሮች፣ በእናንተ ቤት ማብሪያው በማን እጅ ነው? ሸክሙስ በማን ላይ ነው? ዛሬ ማታ ተጠያየቁበት።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ ከተነሣ ወዲህ እኛም ሳይመሽ ቤት መግባትን መርጠናል። ቢሆንም የክረምት ጭጋግ በጠዋትም ይመጣል። ማብሪያዋ ዛሬም ያ የመስታወት ሥዕል በላይዋ ላይ አለ፤ ስትጫን ግን የሚበራው የፊቱ መንገድ ነው። ልጆቻችንም አድገው እንኳ ጭጋግ ሲያዩ፣ "አባዬ፣ መስታወቷን ተጫናት" ይሉታል።